ቃሉን ማወቅና ቦታውን ማወቅ

ተማሪዎች ሆይ፤ የአንድን ቋንቋ ቃላት ማወቅና ያንን ቋንቋ ማወቅ አንድ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ዐይን»፣ «ጨው» እና «መታጠብ» የሚሉትን ሦስት ቃላት አንድ የውጭ አገር ሰው በመጀመሪያው የትምህርት ወር ሊያጠናቸው ይችላል። ነገር ግን «እገሌ ዐይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» ሲባል ቢሰማ፣ ሰውዬው ዐይኑን ታሞ ይሆናል ብሎ ያዝንለት ይሆናል እንጂ፣ ኀፍረቱን ጥሎ መምጣቱን አይረዳም። እንዲህ ያሉ ቃላት ተጣምረው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ካላቸው ፍች የተለየ አዲስ ፍች ሲሰጡ ፈሊጣዊ አነጋገር ይባላሉ። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ»፣ «እግሬ አውጭኝ አለ»፣ «በአፉ ጤፍ ይቆላል»፣ «ጥርሱን ነከሰበት» የሚሉት ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው።

ይህን ያህሉን ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ልታገኙት ትችላላችሁ። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ግን በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ነው። ስሕተቱም ሁለት ጊዜ የተፈጸመ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ቃሉን ዐውቀው ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት በቆቦ ነው። ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ሜዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። በስተምዕራብ ያለው ደጋ ክረምቱን በሚገባ የተቀበለ እንደሆነ እነጎሊናና ሆርማት ሞልተው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን እየጠለፈ ወደ ማሽላ ማሳው ያስገባዋል። በገበያዋ አማርኛና ትግርኛ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ስለዚህ የቆቦ ልጅ ሁለት ሰዎች በሁለት ቋንቋ ሲከራከሩና በመጨረሻው በጣት ቈጥረው ሲስማሙ እያየ ያድጋል። እኔም ቋንቋ ማለት ይኸው ነው፤ ቃል በቃል ከተለወጠ ገበያው ይሠምራል ብዬ አምን ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስጀምር የእንግሊዝኛ ፈሊጦች እጅግ ማረኩኝ። መምህራችን በየሳምንቱ ዐሥር ዐሥር ያህል በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፉልን ነበር። እኔም ለእነርሱ ብቻ አንድ ደብተር ለየሁና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልሁት። በግራው ረድፍ ፈሊጡን፣ በቀኙ ረድፍ ፍቺውን እጽፍ ነበር። «ፈረሶችህን ያዝ» ማለት «አትቸኩል»፣ «ባቄላውን ደፋው» ማለት «ምስጢሩን አወጣ»፣ «ሁለንተናዬ ጆሮ ነው» ማለት «በጽሞና እሰማሃለሁ»፣ «ባልዲውን ረገጠ» ማለት «ሞተ» እያልሁ ደብተሬን ሞላሁት። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል እንግሊዞች «ድመትና ውሻ ዘነበ» እንደሚሉ መምህሩ የነገሩን ቀን ክፍሉ በሣቅ ሞላ። አንድ የክፍል ጓደኛችን ግን በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያየ፣ «ለእኛስ ድመትና ውሻው ይቅርብን፤ ዝናቡ ራሱ በመጣልን» አለ። ያን ጊዜ የ1976 ዓ.ም. የበልግ ወራት ነበር። በልጁ ቀልድ ሣቅን እንጂ፣ ከቀልዱ በስተኋላ የሚመጣውን አላወቅንም።

የዚያ ዓመት በልግም ክረምትም ቀረ። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰውን ረኃብ ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። ከአላማጣ በላይ፣ የግራ ካሕሱን ተራራ አልፎ የሚገኘው የኮረም መጠለያ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ዓለም ሁሉ ስለ ችግሩ ሰማ፤ ከልዩ ልዩ አገሮችም ብዙ የዕርዳታ ሠራተኞች መጡ። ወደ እኛም አካባቢ መጡ። ከመጡት መካከል አማርኛ የሚያውቅ አልነበረምና እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ ተፈለገ። የፈሊጡ ደብተር ባለቤት እኔ ነበርሁና በኩራት ቀረብሁ።

የተመደብሁት ከአንዲት ነርስ ጋር ነበር። እንደ አገራችን ልማድ ሁሉም «ሲስተር» ይሏት ነበር። አንዲት እናት ቃሉ «እኅት» ማለት መሆኑን ስነግራት፣ «የማን እኅት ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የታማሚው ሁሉ» አልኋት፤ መልሱም ደስ አላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠራኋቸው ስሕተቶች ከሣቅ አላለፉም። አንድ ቀን ነርሷ ፊቷ ገርጥቶ መጣችና «ከአየሩ በታች ነኝ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ተናገረች። ጥቂት አሞኛል ማለቷ ነበር። ይህ ፈሊጥ በደብተሬ ውስጥ አልነበረምና ቃል በቃል ከአየሩ በታች መሆኗን ለሕዝቡ አስታወቅሁ። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣ «ታዲያ እኛስ የት ነን?» አሉ።

እኒያው ሽማግሌ በማግሥቱ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። እኔም ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ተረጐምሁ። ነርሷ ሆዳቸውን ዳስሳ የሆድ ክኒን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ክኒኑን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ሁለት በሬ የሞተበት ሰው ሆዱን ባር ባር ቢለው በክኒን ይድናል ብለህ ነው? የዚህ መድኃኒቱ በሬ ነው» አሉኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እንግሊዞች ሥጋት ሲይዛቸው «ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮ ይበራል» ይላሉ። የእኛው ባር ባር ማለት ለዚያ ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ኀዘንና ብቸኝነት ተጨምረውበታልና ከቢራቢሮ ይከብዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ትልቅ ስሕተቴ ልምጣ። በመጠለያው ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጇ በጠና ታሞባት ነበር። ነርሷ ጧት ጧት መጀመሪያ የምትጐበኘው እርሱን ነበር። «ልጁ እንዴት ዐደረ?» ስትል እኔ ለእናቲቱ እነግራለሁ፤ እናቲቱ ስትመልስ እኔ ለነርሷ እነግራለሁ። አንድ ቀን ማለዳ እንደ ልማዳችን ሄድን። እናቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች። ነርሷ እንደ ወትሮው ጠየቀች። እናቲቱም ቀና ሳትል «ሌሊት ዐረፈ» አለች።

እናንተ አማርኛ ተናጋሪዎች ናችሁና ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ተረድታችኋል። እኔም ተረድቼ ነበር፤ ልቤ ተሰብሯል። ነገር ግን እናት ልጇን «ሞተ» ሳትል «ዐረፈ» ስላለች፣ እኔም ያንን ለስላሳ ቃል በከባድ ቃል መለወጥ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ማረፍ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈለግሁና፣ ሌሊት ማረፉን ነገርኋት። በእንግሊዝኛ ግን እንዲያ ሲባል የሚሰማው ሕፃኑ ደኅና እንቅልፍ መተኛቱ ነው። የነርሷ ፊት በደስታ በራ። ፈገግ ብላ የእናቲቱን ትከሻ መታ መታ አደረገችና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ዐለፈች።

እናቲቱ ያንን ፈገግታ አየችው። እኔም እናቲቱ ስታየው አየኋት።

ነርሷ እውነቱን የተረዳችው ከቀትር በኋላ ልጁን ፈልጋ ስታጣው ነው። በብርቱ አለቀሰች፤ እኔን ግን አልተቈጣችኝም። ቢቈጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ያን ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ደብተሬን ገለጥሁ። «ሞተ» የሚለው ፍች የተጻፈበትን መስመር በቀኙ ረድፍ ስፈልግ፣ በግራው ረድፍ «ባልዲውን ረገጠ» የሚለውን አገኘሁ። እንግሊዞች በገዛ ቋንቋቸው ስለ ሞት የሚናገሩበት ፈሊጥ ይህ ከሆነ፣ ከእንግዲህ በዚህ አልሳሳትም ብዬ እየደጋገምሁ አጠናሁት። ብዙም ሳይቈይ በሬ የሞተባቸው እኒያ ሽማግሌ ዐረፉ። ነርሷ ስለ እርሳቸው ስትጠይቀኝ፣ ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ሳለ፣ በጥንቃቄና በሙሉ ልብ «ባልዲውን ረገጡ» አልኋት።

ነርሷ ደርቃ ቀረች። አብሯት የነበረ አንድ ወጣት የውጭ አገር ሠራተኛ ሣቅ አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ። የሟቹ ልጅ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ሣቅን ግን ያውቃል። የአባቱ ሞት በተነገረበት አፍታ የተሣቀ ሣቅ ነበርና ወደ እኔም ወደ ሰውዬውም ተመለከተ። በዚያ አመለካከት ውስጥ የነበረውን ነገር ለመጻፍ ዛሬም አልደፍርም።

ነርሷ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ያ ፈሊጥ ፍቺው «ሞተ» መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ የቀልድና የመንገድ አነጋገር መሆኑን፣ ሐዘንተኛ ባለበት ከቶ እንደማይነገር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁትም ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1785 እ.ኤ.አ. የተራውን ሕዝብ አነጋገር ሰብስቦ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህን ፈሊጥ አስገብቶታል። እኔ ለመርዶ የተጠቀምሁበት ቃል ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም በመጠጥ ቤትና በመንገድ ላይ የሚነገር ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ምን ልበል?» ብዬ ጠየቅሁ። የነገረችኝ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዐለፉ» ማለት ነበር። ደነገጥሁ። «ዐለፈ» የእናቴ ቃል ነው፤ «ሕይወቱ ዐለፈ»፣ «ከዚህ ዓለም ዐለፈ» ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። በደብተር ስፈልገው የነበረው ነገር በቤቴ ነበረ።

ከዚያ በኋላ የገዛ ቋንቋዬን እንደ አዲስ አስተዋልሁት። ስለ አንድ አባት ካህን ሞት ስንናገር «ዐረፉ» እንላለን። ሙስሊም ወገኖቻችን ስለ ሽማግሌያቸው «ወደ አኼራ ሄዱ» ይላሉ። በጽሑፍና በአክብሮት «በሞት ተለዩ» እንላለን። የተጠላ ሰው የሆነ እንደሆነ «ክልትው አለ»፣ «ድፍት አለ» የሚልም አይጠፋም። የሁሉም ፍች «ሞተ» ነው። ነገር ግን አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው ወይ ይሰድባል፣ ወይ ያስቃል፣ ወይ ያቈስላል። ለዚህም ነው አባቶቻችን መርዶ ሲነግሩ የሚጠነቀቁት። በሩቅ አገር ዘመድ የሞተበት ሰው ነገሩ በድንገት በመንገድ ላይ አይነገረውም፤ ወዳጅና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ ከቤቱ ሄዶ፣ ቃሉን የሚያውቅ ሽማግሌ መርጦ ያስነግራል እንጂ። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ሽማግሌ የሚመረጠው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደዚያች እናት ሄድሁ። «እናቴ፣ ያን ቀን ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅሽ ደኅና የተኛ መስሏት እንጂ በኀዘንሽ አልሣቀችም» አልኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «እኔስ የእነርሱ አገር ሰው ልጅ ሲሞት ደስ ይለዋል ማለት ነው ብዬ ነበር። እንኳን ነገርኸኝ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ልብ በሉ፤ በአንዲት ቃል የተነሣ አንዲት እናት ስለ አንድ ሕዝብ ሁሉ ክፉ ፍርድ ልትፈርድ ነበር። ነርሷንም ይዤ ዳግመኛ ሄድሁ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በመካከላቸው አስተርጓሚ አላስፈለገም።

እንግዲህ ከዚህ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። ፈሊጣዊ አነጋገር ስታጠኑ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ቃላቱ በየራሳቸው ምን ይላሉ? ሁለተኛው፣ ተጣምረው ምን ማለት ናቸው? ሦስተኛው፣ ማን ለማን፣ የትና መቼ ይናገራቸዋል? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ስንመልስ ዐወቅን ብለን ደብተራችንን እንዘጋለን።

በሦስተኛው ጥያቄ ያለፉ ፈሊጦች ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገሩ ማየት ያስደስታል። እንግሊዞች መተዳደሪያቸውን «ዳቦና ቅቤዬ» ሲሉ፣ እኛ «እንጀራዬ ነው» እንላለን፤ ሁሉም በየማዕዱ ይናገራል። የማስመሰል ለቅሶን ሁለታችንም «የአዞ እንባ» እንለዋለን። እንግዶች ተፋፍረው ሲቀመጡ ጨዋታ የጀመረውን ሰው እንግሊዞች «በረዶውን ሰበረ» ይሉታል፤ በብርድ አገር የቀዘቀዘ ወንዝ ለሚያይ ሰው ይህ ግልጽ ነው። በረዶን ከሰማይ ሲወርድ ብቻ ለሚያውቅ የራያ ልጅ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፈሊጥ የተወለደበትን አገር አየር፣ ማዕድና ሥራ ይዞ ይዞራል።

ስለ መንገድ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። የወጣቶችን የከተማ አነጋገር ሁሉ እንደ ቆሻሻ የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። «አራዳ» የአዲስ አበባ ቀደምት ሰፈርና ገበያ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ነቃ ያለውን የከተማ ሰው ሁሉ ይጠሩበታል፤ ተቃራኒውን «ፋራ» ይሉታል። ጓደኛ «ጀለስ»፣ ገንዘብ ያጣ «ቺስታ» ይባላል። በእንግሊዝኛም ሕፃንን «የፍየል ግልገል» በሚል ቃል መጥራት በድሮ ዘመን የዝቅተኞች አነጋገር ነበር፤ ዛሬ ግን እናትም ትለዋለች፣ መምህርም ይለዋል። ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ቤት የሚገባ ቃል አለ፤ ከመንገድ ሳይወጣ ከትውልዱ ጋር የሚጠፋም አለ። ጥፋቱ ከቃሉ ሳይሆን ከቦታው ነው። አንድ የዘመዳችን ልጅ ከአዲስ አበባ ተመልሶ አጎቱን «ሼባው እንዴት ነው?» ቢላቸው፣ ሽማግሌው ቃሉን ሰምተውት ባያውቁም ድምፁ ነገራቸውና፣ «ሽበቴን ነው የምትሰድበው?» አሉት። ልጁ በጓደኞቹ መካከል ቢናገረው ኖሮ ማንም ባልተቀየመው ነበር።

የአማርኛን ፈሊጦች በሰፊው ማጥናት የምትፈልጉ፣ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ አዘጋጅተውት በ1979 ዓ.ም. የታተመውን «የአማርኛ ፈሊጦች» የተባለ መጽሐፍ ፈልጋችሁ ተመልከቱ። ነገር ግን መጽሐፍ ብቻ አይበቃችሁም። አያቶቻችሁ ሲነጋገሩ፣ ገበያተኛው ሲከራከር፣ ሐዘንተኛው ሲጽናና ጆሮ ሰጥታችሁ አዳምጡ።

ያን የቈየ ደብተሬን እስከ ዛሬ አልጣልሁትም። በዚያው በ1977 ዓ.ም. ከቀኙ ረድፍ አጠገብ አንድ ሦስተኛ መስመር አስምሬ፣ በእያንዳንዱ ፈሊጥ ትይዩ «ለማን?» ብዬ ጽፌያለሁ። ብዙዎቹ ቦታዎች እስካሁን ባዶ ናቸው፤ እየሰማሁ እሞላቸዋለሁ። እናንተም እስቲ ዛሬ ዐሥር የአማርኛ ፈሊጦችን ጻፉና ደብተራችሁን ከሁለት ሳይሆን ከሦስት ክፈሉት። ሦስተኛውን ረድፍ ለመሙላት መዝገበ ቃላት ሳይሆን ሰው ጠይቁ።